አረቡም

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ደጀን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ከየመን በሸራ ጀልባ፣ በአሰብ በኩል የገባ።
ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፤ ንብረቱ አንድ መቀስ፣
አማርኛው ሁለት ቃል ብቻ፦ "ስንት ነው?" እና "ቀስ!"

አሁን ሰባ አንድ ሞላው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤
የእድሩን ድንኳን ካስማ ከማንም በላይ ያጠብቃል።
ሲናደድ ብቻ አረብኛው እንደ ሳል ያመልጠዋል፤
እናቴ የሻለም "እሱን ለአገርህ ሰው!" ስትለው
ይስቃል፤ ይተወዋል።

ባንዲራ ሲሰፋ ነው የኖረው፤
ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ፣ መናኸሪያው ሲመረቅ የተሰቀለውም የሱ ነው።
ባለ አንበሳውን ሰፍቶ፣ አንበሳውን በምላጭ ፈታ፤
በቦታው የመጣውን ዓርማ ገጠመ፤ እሱንም ፈታ፤
ኮከቡም ተራው ደረሰና ተሰፋ በዚያው ቦታ።
"መሀሉ" ይላል፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ፣ "የመሀል ሰዎች ነገር ነው፤
እኔ ዳሩን ነው የምቀመቅመው።"

ለቤታችን ግን ሰፍቶ አያውቅም።
ቢሰቅል "አስመሳይ" እንዳይሉት፣ ባይሰቅል "ባዳ" እንዳይባል፣
የባንዲራ ቀን በመጣ ቁጥር የሱቁን በር ገርበብ ያደርጋል፤
ክፍት ነው ላለው ክፍት፣ ዝግ ነው ላለው ዝግ ይሆናል።

አምና በጥቅምት፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሌሊት ፔዳል ሲረግጥ አደረ፤
ጠዋት በባሕር ዛፍ አጣና ላይ አንድ ባንዲራ ነበረ።
አረንጓዴው ከተማሪ ዩኒፎርም ትራፊ፣
ቢጫው ከሚዜዎች ቀሚስ፣
ቀዩ ከሾፌሮች ቡድን ማሊያ፤
የዓባይ በረሃ ነፋስ ሽቅብ መጥቶ
እንደ ዘመድ ይጎትተው ጀመር ወዲህና ወዲያ።

ሁለት ጎረምሶች አለፉ። ክፋት አልነበራቸውም።
አንዱ ቀና ብሎ ሳቀ፦ "አየህ? አረቡም!"

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰው በፊደል ይወጋል።
"አረቡ ሰቀለ" ቢሉ ወሬ ነው፤ ሰምቶ ያልፋል።
በዚያች "ም" ግን ሃምሳ አምስት ዓመት
ሁሉ ከገባ ወዲያ ደጅ ላይ ይቆማል፣
"እሱም ይግባ" እስኪባል።

አባቴ ቀና አላለም። ፔዳሉን መርገጥ አላቆመም።
እኔ ብቻ ነኝ ያየሁ፦ መርፌው ላይ ክር አልነበረም፤
ጨርቁን ዝም ብሎ ይበሳዋል።

ወጥቼ ልናገር ቃጣኝ። ምን ብዬ? እኔም ደብረ ማርቆስ ስማር፣
"አገርሽ የት ነው?" ሲሉኝ፣ "ደጀን" ብዬ ስናገር፣
"አይ፣ ዋናውን!" ይሉኝ ነበር።
ዋናውን አላውቀውም።
አባቴም የሚያስታውሰው አንድ የውሃ ጉድጓድና የአንዲት አህያ ስም ነው፤
ሌላ የለም።

ከሰዓት ካፊያ ጣለ።
ውዴ ከመንገዱ ማዶ ሙዟን በላስቲክ እየሸፈነች፣
ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ጮኸች፦
"ሙቅቢል! ባንዲራህ ራሰ እኮ፤ አታነሣውም ወይ?"

ባንዲራህ።
አስባ አላለቻትም፤ ለዚህ ነው የቆጠርኋት።

ሮጦ ወጣ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ።
ቀዩ ለቅቆ ቢጫው ላይ እንደ ሻይ ወርዷል።
እናቴ፦ "ያልታጠበ ማሊያ ታዲያ ባንዲራ ይሰፋል?"
ብላ ነጠቀችው፤ ጨመቀችው፤
ምድጃው አጠገብ ባለው ገመድ፣
በሱ ሽርጥና በሷ ነጠላ መሀል አሰጣችው።

እራት በላን። ስለ ጎረምሶቹ ማንም አላነሣም።
አባቴ ተነሥቶ ዳሩን በጣቱ ዳሰሰው፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ።
"አልተተረተረም" አለ።
ነገ ይሰቅለው እንደሆን አልጠየቅሁትም።